ስለ ኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር አጠቃቀም፦ እጃችን ከተቃጠለ በኋላ የተማርነው



ከሦስታችን የአንዱ እጅ በፋሻ ተጠቅልሎ ክፍል ሲገባ ያያችሁ ሁሉ «ምን ሆነ?» እያላችሁ ጠይቃችሁናል። ለጠየቀን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስናወራ ሰለቸን፤ አንዳንዱም ሳያስጨርሰን ይስቃል። ስለዚህ ነገሩን አንድ ጊዜ ጽፈን እዚህ ግድግዳ ላይ ብንለጥፈው ይሻላል አልን። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ዕቃው ዛሬ በየቤቱ እየገባ ነው፤ ከኛ መካከልም ነገ በየገጠሩ ተመድቦ ሲሄድ «አስተማሪው ያውቃል» ተብሎ የሚጠየቅ ይኖራል። እኛም የተጠየቅነው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እኛ ሦስት ዕጩ መምህራን እዚህ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። የአከራያችን የእማማ ልጅ ዱባይ ለሥራ ሄዳ ነው ያለችው። ባለፈው ወር በሰው እጅ አንድ የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር ላከችላቸው። እማማ ዕቃውን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር አስቀምጠውት ቆዩና አንድ እሑድ ጠሩን። «ልጆቼ፤ እናንተ ነገ አስተማሪ ልትሆኑ አይደል እንዴ? እስቲ ይህን ወረቀት አንብቡና አሳዩኝ» አሉ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ የተጻፈ ወፍራም ደብተር ነው። እውነቱን ለመናገር እኛ ሥዕሎቹን ብቻ ነበር ያየነው። የባቄላ ንፍሮ ለመቀቀል ባቄላውን እስከ አፉ ድረስ ሞላን፤ ውኃ አደረግንበት፤ ከደንን፤ ሰካን፤ አንዱን ቁልፍ ተጫንን። ዕቃው ጥቂት ቆይቶ ማፏጨት ጀመረ፤ ከዚያም ዝም አለ። እማማም ደስ አላቸው።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደቆየ መብራት ጠፋ። የዕቃው መብራትም ጠፋ። እማማ «እንግዲህ ሞቷል፤ ክፈቱትና በከሰል እንጨርሰው» አሉ። ክዳኑን ብናዞረው እምቢ አለ። አንዳችን ጎንበስ ብሎ በአንድ እጁ ክዳኑን እየታገለ በሌላው እጁ የእንፋሎት መውጫዋን ገፋ አደረጋት። ወዲያው ከባቄላ አረፋ ጋር የተቀላቀለ እንፋሎት ተተኮሰና የእጁን ጀርባና የእጁን አንጓ አገኘው። ፊቱን ያዳነው ወደ ጎን ዞር ብሎ ለእማማ መልስ እየሰጠ ስለነበረ ብቻ ነው። እማማ በድንጋጤ ሮጠው የጥርስ ሳሙና አመጡና ቀቡት። ደግነቱ ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ ጩኸቱን ሰምታ መጣችና ሳሙናውን አጥባ አነሣች፤ ከዚያም ከበርሜል በጆግ እየቀዳን ቀዝቃዛ ውኃ ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንድናፈስበት አደረገች። ወደ ጤና ጣቢያ የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚያሳፍረው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሦስታችንም አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን የመጣን ነን። ግፊት ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት መሆኑን በቃላችን እናውቃለን፤ ፈተና ላይም መልሰናል። ያ ትምህርትና ይህ ድስት አንድ ነገር መሆናቸው ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። የፊዚክስ መምህራችን ይህንን ሲሰሙ አልተቆጡንም፤ «እንግዲያው ድስቱን አስሉት» ብቻ አሉን። እኛም ተቀምጠን አሰላነው።

መጀመሪያ የውኃን መፍላት እንመልከት። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል እንላለን፤ ይህ የሚሠራው ግን በባሕር ወለል ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከበላያችን ያለው አየር እየሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ውኃውም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ጋምቤላ ከተማ 98 ዲግሪ ገደማ፣ አዲስ አበባ 92 ገደማ፣ እዚህ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ 90 ከምናምን ላይ ይፈላል። አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ ከሰሉን ብንቆልልበት፣ እሳቱን ብናነድበት ሙቀቱ ከዚያ አይበልጥም፤ ውኃው ብቻ ቶሎ ይተናል። እናቶቻችን «የደጋ ባቄላ አይበስልም» የሚሉት ባቄላው ከፍቶ አይደለም ለካ። በ90 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ስለሚቀቀል ነው።

ፕሬዠር ኩከር ይህን ይገለብጠዋል። ክዳኑ ገጥሞ እንፋሎት እንዳይወጣ ስለሚያደርግ በውስጡ ያለው ግፊት ያድጋል፤ ግፊቱ ባደገ መጠን የውኃው መፍያ ከፍ ይላል። አብዛኞቹ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ፕሬዠሮች ከውጩ አየር በላይ 70 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ይይዛሉ። በባሕር ወለል ይህ 115 ዲግሪ ያህል ይሰጣል። ታዲያ እዚህ ደጋ ላይ ድስቱ የሚጨምረው ያንኑ 70 ሲሆን የሚጨምርበት መነሻ አነስተኛ ስለሆነ የምናገኘው 110 ዲግሪ ገደማ ነው። ቢሆንም ከ90 ወደ 110 መዝለል ቀላል ነገር አይደለም፤ ንፍሮው በሰዓታት ፈንታ በደቂቃ የሚበስለው በዚህ ነው።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። 70 ኪሎ ፓስካል ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 0.7 ኪሎ ያህል ክብደት እንደማስቀመጥ ነው። የእማማን ድስት አፍ በማስመሪያ ለካነው፤ 22 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው። ስፋቱ 380 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 380 ሲባዛ በ0.7፣ 266 ኪሎ። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ክዳን በሚሠራበት ጊዜ ሁለት ኩንታል ተኩል ጤፍ ከነተጨማሪው ከሥሩ ወደ ላይ እየገፋው ነው ማለት ነው። ወዳጃችን በአንድ እጁ ሊከፍት ሲታገል የነበረው ይህንን ነው። ክዳኑ እምቢ ያለው ተበላሽቶ አልነበረም፤ እኛን እየጠበቀን ነበር።

ሁለተኛው ስሌት የእንፋሎቱ ነው። አንድ ግራም የፈላ ውኃ ቆዳችን ላይ ቢፈስ ከ90 ዲግሪ ወደ ሰውነታችን 37 እስኪወርድ ድረስ የሚሰጠው 53 ካሎሪ ሙቀት ነው። አንድ ግራም እንፋሎት ግን ቆዳ ላይ አርፎ ወደ ውኃ ሲለወጥ ብቻ 540 ካሎሪ ገደማ ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሙቅ ውኃ ያቃጥላል። ስለዚህ «እንፋሎት እኮ ነው፤ ውኃ አይደለም» እያልን የምንንቀው ነገር ከፈላ ውኃ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ተሸክሟል።

የዚህ ድስት አባት ዴኒስ ፓፓን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ውስጥ አጥንት የሚያለሰልስ የተዘጋ ድስት ሠርቶ አሳይቷል። የግፊቱን ኃይል ስላወቀም ግፊት ሲበዛ ራሱ ተነሥቶ እንፋሎት የሚያወጣ የደኅንነት ቫልቭ አበጀለት። ያ ቫልቭ በኋላ ለእንፋሎት ሞተሮች ሁሉ ጠቀመ። ሰውየው ድስቱንና መከላከያውን አንድ ላይ ማሰቡን ልብ ይሏል።

በኤሌክትሪኩ ድስት ላይ መከላከያዎቹ ብዙ ናቸው፤ ግን እያንዳንዳቸው የኛን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ክዳኑ ላይ የምትወዛወዘው ጉጥ የእንፋሎት መውጫ ቫልቭ ናት፤ ወደ «መዝጊያ» ካላዞርናት ግፊት አይያዝም፤ ወደ «መልቀቂያ» ስናዞራት እንፋሎቱ ይወጣል። ከጎኗ ያለችው ትንሽ የብረት ፒን ደግሞ ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለባት ናት። ግፊት ሲኖር ከፍ ትላለች፤ ከፍ ስትልም ክዳኑ እንዳይዞር ከውስጥ ትቆልፈዋለች። ግፊቱ ሲያልቅ ዝቅ ትላለች። ፒኗ ከፍ ብላ ሳለ ክዳን አይነካም፤ ይኸው ነው። በቢላ ጫፍ ወደ ታች የሚጫናት ሰው እንዳለ ሰምተናል። እንዲህ ማድረግ ሁለት ኩንታል ተኩሉን በገዛ እጅ ፊት ላይ መልቀቅ ነው። በክዳኑ ውስጥ ዙሪያውን የተጠለቀው የላስቲክ ቀለበት፣ ማለትም ጎሚኒው፣ እንፋሎቱን የሚዘጋው ነው። ከድስቱ ሥር ማሞቂያ ሳህንና ሙቀቱን የሚከታተል ቴርሞስታት አሉ፤ ግፊቱ ሲሞላ ኃይሉን ያጠፉታል፣ ሲቀንስ ያበሩታል።

ከዚህ ላይ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ግልጽ ይሆናል። የሚጠፋው ማሞቂያው ብቻ ነው። ውስጥ ያለው 110 ዲግሪ ውኃና ግፊቱ የትም አይሄዱም፤ እንዲያውም ዕቃው በደንብ የተሸፈነ ስለሆነ ሙሉ ድስት ሲሆን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ድስቱን መተው፣ ፒኗ እስክትወርድ መጠበቅ ነው። መንቀሉ ለሁለት ነገር ይረዳል። መብራቱ ሲመለስ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ይመጣና ዕቃ ያቃጥላል፤ በተጨማሪም አንዳንዱ ድስት ሰው ሳያውቅ ካቆመበት ሥራውን ይቀጥላል። መብራቱ ሳይመለስ ከቀረ ደግሞ ምግቡን ለብ ባለ ድስት ውስጥ ማሳደር አይገባም፤ ከ60 ዲግሪ በታች የወረደ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ጀርም ይራባበታል፤ በከሰልም ቢሆን አፍልቶ መጨረስ ነው።

ከመክደን በፊት የሚደረገውን ጥንቃቄ እማማ አሁን ከኛ ይልቅ ያውቁታል። ክዳኑን ወደ መብራት አዙረው በቫልቩ ቀዳዳ ውስጥ ያያሉ፤ ብርሃን ካልታያቸው በቀጭን እንጨት ይጠርጉታል። ጎሚኒውን በጣታቸው ዙሪያውን ይዳብሱታል፤ የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ ይለወጣል እንጂ በክር ወይም በማስቲሽ አይጠገንም። በውስጠኛው ድስት ውጭና በማሞቂያው ሳህን መካከል ውኃም ሆነ የባቄላ ፍሬ እንዳይኖር በጨርቅ ያብሳሉ። ያለ ውስጠኛው ድስት በቀጥታ ዕቃው ውስጥ ውኃ ያፈሰሰ ሰው አለ፤ ዕቃውም እሱም በዕድል ነው የተረፉት።

መጠኑን በተመለከተ የኛ ትልቁ ጥፋት ይህ ነበር። ድስቱ ከሦስት ሁለት እጁ በላይ አይሞላም። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ክክ፣ ሩዝና ስንዴ ግን ስለሚያብጡና አረፋ ስለሚያወጡ ከግማሽ በላይ መሙላት የለባቸውም፤ ይህም ውኃውን ጨምሮ ነው። አረፋውና የባቄላው ገለፈት ወጥቶ ቫልቩን ሲደፍን የድስቱ መተንፈሻ ተዘጋ ማለት ነው። በሌላ በኩል ውኃው በጣም ካነሰ እንፋሎት የሚሆን ነገር የለም፤ ሥሩ ያርራል። ለብዙዎቹ ድስቶች ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስኒ (የሻይ ስኒ እንጂ የቡና ሲኒ አይደለም) ቀጭን ፈሳሽ የግድ ነው።

ታዲያ የኛን አገር ወጥ እንዴት እንሥራበት? ይህን ከእማማ ጋር ስንከራከር ነው ያመሸነው። ሽሮና ገንፎ በፍጹም ተከድነው አይሠሩም። ወፍራም ናቸው፤ ከሥር ያርራሉ፣ ከላይ እየፈነዱ ቫልቭ ይደፍናሉ። ለወጥ ደግሞ ሽንኩርቱና በርበሬው ክዳኑ ተከፍቶ ይቁላላል፤ ብዙዎቹ ድስቶች ለዚህ የሚሆን ቁልፍ አላቸው። ቁሌቱ ሲደርስ ውኃ ይጨመርና ሥሩ የያዘው ሁሉ በእንጨት ማማሰያ ተፍቆ ይለቅቃል፤ ሥጋው ገብቶ የሚከደነው ከዚያ በኋላ ነው። እማማ «እንዲህ ከሆነ ዶሮው ይፈርሳል» ብለዋል፤ እውነታቸውን ነው፤ ለዶሮ አንመክረውም። ለበሬ ሻኛና ለበግ አጥንት ግን ዋጋው አይገኝለትም። በብዙ ዘይት ተከድኖ መጥበስ ግን ክልክል ነው። ድስቱ የተሠራው ለውኃ እንፋሎት ነው፤ ዘይት ከዚያ በላይ ስለሚግል ጎሚኒውን ያቀልጣል፣ ከወጣም እሳት ነው።

ስለ ቀይ ቦሎቄ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፤ ይህ የባዮሎጂ ተማሪዎችን ይመለከታል። ቀይ ቦሎቄ በጥሬው ወይም በደንብ ሳይበስል ሲበላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ሌክቲን የተባለ ፕሮቲን አለው። ይህን ነገር የሚያጠፋው በ100 ዲግሪ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ መፍላት ነው። በ80 ዲግሪ ሲሞቅ ግን አይጠፋም፤ እንዲያውም ሊብስበት ይችላል። የኛ ውኃ በ90 እንደሚፈላ እናስታውስ፤ ስለዚህ ደጋ ላይ በተራ ድስት የሚሠራ ሰው ረዘም አድርጎ ማፍላት አለበት። በግፊት የተቀቀለ ቦሎቄ ከዚህ ሥጋት ነፃ ነው። አንዳንዱ የኤሌክትሪክ ድስት ግን ያለ ግፊት በዝግታ ለብዙ ሰዓት የሚያበስል ቁልፍም አለው፤ ጥሬ ቀይ ቦሎቄ በዚያ ቁልፍ አይሠራም። በማንኛውም ሁኔታ ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፎ የዘፈዘፉበትን ውኃ መድፋት ነው።

በመመሪያው ደብተር ላይ ያለው ደቂቃ ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። የተለመደው ስሌት ከ600 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 5 በመቶ ጊዜ መጨመር ነው። እዚህ 37 በመቶ ያህል ይሆናል፤ 30 ደቂቃ የተባለውን 41 ማድረግ ማለት ነው። በውኃና በመብራት ክፍያ ጉዳይ የሚጨነቅ ካለ፣ አንድ ሺህ ዋት ድስት ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት ቢሠራ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ግፊቱ ከሞላ በኋላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚቆየው።

ምግቡ ከበሰለ በኋላ ሁለት አከፋፈት አለ። አንደኛው ሶኬቱን ነቅሎ ግፊቱ በራሱ እስኪበርድ መተው ነው፤ ከ15 እስከ 40 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ባቄላና ክክ፣ በጠቅላላው አረፋ ያለው ነገር ሁሉ የሚከፈተው በዚህ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቫልቩን አዙሮ እንፋሎቱን በአንዴ መልቀቅ ሲሆን ለአትክልት ወይም ለድንች ይሆናል። ይህን የሚያደርግ ሰው በረዥም ማንኪያ እጀታ ይግፋው እንጂ በእጁ አይንካው፤ ፊቱንም ከድስቱ በላይ አያድርግ። ድስቱም ከቁምሳጥን ወይም ከመጋረጃ ሥር አይቀመጥ። ፒኗ ከወረደች በኋላም ክዳኑ ሲነሣ ከሰውየው በተቃራኒ አቅጣጫ ያዘነብላል፤ የቀረው እንፋሎት ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ልጆች ባሉበት ቤት ገመዱ ከጠረጴዛ ላይ እንዳይንጠለጠል፤ ልጅ የሚስበው ገመዱን ነው፤ የሚመጣበት ግን ድስቱ ነው።

እስካሁን ስለ እንፋሎቱ ተናገርን፤ ዕቃው የኤሌክትሪክ መሆኑን ግን አንርሳ። መጀመሪያ የሚታየው ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። ከዱባይ የሚመጣው ዕቃ ለ220 እስከ 240 የተሠራ ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለውም። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ 120 ቮልት ነው። እሱን እዚህ በቀጥታ መሰካት ማሞቂያውን ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል እንዲስብ ማድረግ ነው፤ 1000 ዋቱ 3300 ዋት ይሆናል፤ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ያልቃል። የአፉን ቅርጽ የሚለውጠው ትንሹ አዳፕተር ቮልቱን አይለውጥም። ቮልት የሚለውጠው ከ1000 ዋት በላይ የሚችል ከባድ ትራንስፎርመር ነው። ዘመዶቻችሁ «ምን እንላክላችሁ?» ሲሏችሁ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

የእማማ ድስት ሌላ ጣጣ አለው። የዱባይ መሰኪያ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ በውስጡም የራሱ ፊውዝ አለው። የኛ ቤት ሶኬት ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ከገበያ በገዛነው አዳፕተር ነበር የሰካነው። ሦስተኛው እግር ለጌጥ መስሎን ነበር። ለካስ እሱ የምድር ሽቦ ነው። በድስቱ ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ የብረቱን አካል ቢነካ፣ የምድር ሽቦ ካለ ኃይሉ በዚያ ይወርድና ፊውዙ ይቆርጠዋል ወይም ቆጣሪው ይጠፋል። የምድር ሽቦ ከሌለ ግን የብረቱ ድስት ራሱ ኃይል ይዞ ይቀመጣል፤ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል፤ በተለይም እጁ የረጠበ፣ በባዶ እግሩ ሊሾ ላይ የቆመ ሰውን። ገዝተን የሰካንባት አዳፕተር ሁለት እግር ብቻ ያላት፣ የምድር መገናኛ የሌላት ነበረች። መሰኪያውን ቆርጠው ሁለቱን ሽቦ ብቻ የሚያያይዙ ሰዎችም ያንኑ ነው የሚያደርጉት፤ ፊውዙንም አብረው ይጥሉታል።

ዲቫይደርን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው። 1000 ዋት ሲካፈል ለ220፣ 4.5 አምፔር። ይህ ብቻውን ብዙ አይደለም። ነገር ግን የእንጀራ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ስለሚስብ ብቻውን 14 አምፔርና ከዚያም በላይ ነው። ሁለቱን በአንድ ዲቫይደር ላይ የሰካ ሰው በጀርባው «10 አምፔር» የሚል የተጻፈበትን ዕቃ እጥፍ እያሸከመው ነው። ሲነካ የሚሞቅ መሰኪያ፣ ላስቲክ ላስቲክ የሚሸት ግድግዳ ምልክት ነው። ድስቱ ለብቻው በግድግዳው ሶኬት ይሰካ። ሲታጠብም የሚታጠበው ውስጠኛው ድስት፣ ክዳኑና ጎሚኒው ነው፤ የኤሌክትሪክ አካሉ ተነቅሎ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ ሳፋ ውስጥ አይገባም።

ቃጠሎ ቢደርስ ከጎረቤታችን የተማርነውን እንንገራችሁ። ቀለበትና አምባር ካለ ሳያብጥ ይወልቃል። ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይፈስበታል፤ ቧንቧ ከሌለ በጆግ። በረዶ አይደረግም። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄት፣ ማር ምንም አይቀባም፤ ሙቀቱን ይዘው ያስቀራሉ፣ ቁስሉንም ያቆሽሻሉ፤ ጤና ጣቢያ ሲደረስም ያንን መፋቅ ሌላ ስቃይ ነው። ውኃ የቋጠረው አይፈነዳም። በንጹሕ ጨርቅ ሸፈን ተደርጎ ይኬዳል። ቃጠሎው ከታማሚው መዳፍ የሚበልጥ ከሆነ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ሕፃን ላይ ከሆነ «ነገ እናያለን» አይባልም። የወዳጃችን እጅ ለጊዜው ጠመኔ አይዝም፤ የሚቀጥለውን የማስተማር ልምምዱን እኛ ሰሌዳ እየጻፍንለት በቃል ነው የሚሠራው።

ስለ ማስተማር ካነሣን፣ ይህንን ትምህርት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ለማሳየት ድስት ክፍል ውስጥ ማምጣት አያስፈልግም፤ አንመክርምም። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ይበቃል። 60 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያለው ውኃ እስከ ሩቡ ድረስ ይቀዳበታል፤ አየሩ ተገፍቶ ይወጣል፤ አፉ ላጲስ ላይ ተጭኖ ይደፈናል፤ ከዚያም ገፊው ወደ ኋላ ይሳባል። በውስጡ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃው ያለ እሳት ሲፍለቀለቅ ይታያል። ሲለቁት መፍላቱ ይቆማል። በመምህራችን ክፍል ሞክረነዋል፤ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ተሳክቷል፤ መጀመሪያው ላይ ላጲሱን አጥብቀን ስላልያዝነው ገበርዲናችንን አርሷል። ልጆቹ ግፊት ሲቀንስ መፍያው እንደሚወርድ ካዩ፣ ግፊት ሲጨምር ምን እንደሚሆን ራሳቸው ይናገሩታል።

የመመሪያውን ደብተር ዋና ዋና ገጾች ለእማማ ወደ አማርኛ መልሰን በትልልቅ ፊደል ጽፈንላቸዋል፤ ቅጂው ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ተለጥፏል። ሌላ ዓይነት ዕቃ ያላችሁ ደብተሩን ይዛችሁ ብትመጡ አብረን እናነባለን። እማማ የምድር እግር ያለው አዳፕተር ገዝተዋል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠርተን ብናስፈትሽ ግን የወጥ ቤቱ ሶኬት ራሱ የምድር ሽቦ ያልተዘረጋለት ሆኖ ተገኘ። ሠራተኛው ሽቦ ይዞ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። እስከዚያው ድስቱ ወደ ካርቶኑ ተመልሶ አልጋ ሥር ገብቷል፤ ንፍሮውም እንደ ድሮው በከሰል ላይ ነው።